ሉጥፊ በገመድ የለካው ሽንት ቤት

ሰውዳ ባሏ ውሃ እንደማይጠጣ የገባት በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ወደ ገበያ ስትሄድ በአልጋው ራስጌ ሞልታ የምታስቀምጥለትን ጣሳ ስትመለስ እንደ ሞላ ታገኘዋለች። መጀመሪያ ጎረቤት የቀዳለት መስሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ውሃው ላይ ከጣሪያው የረገፈ ብናኝ ሰፍፎ፣ አንዲት ዝንብም ሞታበት አገኘች።

"ኸይሩ፣ ዛሬም ውሃ አልጠጣህም እንዴ?"

"ጠጥቻለሁ።"

"ጣሳው እኮ እንዳስቀመጥሁት ነው።"

ኸይሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ከጠጣሁ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። አንቺ በሌለሽበት ማን ያወጣኛል?" አላት።

ይህን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። እኔና ሰውዳ በሱዳኗ ገዳሪፍ የእህል ገበያ፣ ከአንድ መጋዘን ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን የተቀደደ ጆንያ ስንጠቅም ስምንት ዓመታችን ነው። መርፌ የያዘ ሰው ቀና ሳይል ብዙ ያወራል። ሰውዳ ግን ዝም ማለት ይቀናታል። ያን ቀን ያወራችው ብቻዋን መያዙ ስለከበዳት ይመስለኛል።

ሰውዳ የመተማዋ የገንዳ ውሃ ከተማ ልጅ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ በገላባት በኩል ተሻገረች። የመጣችው ለአንድ ወቅት ነበር። አጨዳው አልቆ አክስቷ ስትመለስ እሷ ኸይሩን አግብታ ቀረች። ኸይሩም እንደ እሷ ከማዶ የመጣ ነው፤ ያኔ በገበያው የታወቀ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ቁመቱ መለሎ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጆንያ ተሸክሞ በጠባብ ሳንቃ ላይ ወደ ሎሪ ሲወጣ ሰው ቆሞ የሚያየው። ራሒማ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ። እሷም አድጋ ሀዋታ የምትባል ከተማ ተዳረች። ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ሲቀሩ ከነበሩበት የሣር ጎጆ ወጥተው ሉጥፊ ከሚባል ሱዳናዊ ሁለት የጡብ ክፍል ተከራዩ። ሁለቱ ክፍሎች ያሉት በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኛ እዚህ ሆሽ እንለዋለን። ከሆሹ ጥግ ደመቀና ሚስቱ ማሬ በአንዲት የሣር ጎጆ ይኖራሉ። እነሱም እንደኛ ከዚያ ማዶ ለሰሊጥ መጥተው የቀሩ ናቸው።

ስለ ሉጥፊ ስነግራችሁ እንዳታዝኑብኝ፤ ሰውየው ደግ ነው። በገበያው ዳር የገመድና የሸራ ሱቅ አለው። ዕድሜው ስልሳን ሳይነካ አይቀርም፤ ጀለቢያው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ድምፁ ለስላሳ። ሰላምታው ራሱ ያጠግባል። እናትህን፣ እህትህን፣ ገንዳ ውሃ የቀረችውን ላምህን ሳይቀር በየስማቸው ይጠይቃል። ሰውዳና ኸይሩ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ዕለት ሽንት ቤቱ ጎብጦ፣ የጉድጓዱ አፍ ተሰንጥቆ ነበር። ሉጥፊ እሱን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ "ይኼን እንዳላያችሁ እለፉት፤ ከዒድ በኋላ አፍርሼ እሠራዋለሁ" አላቸው። የትኛው ዒድ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ኸሪፍ ሲገባና ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ያብጥና ይንሸራተታል። በዚህ አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍረህ ጎኑን በጡብ ወይም በበርሜል ካልደገፍኸው ዕድሜ የለውም። ሁለተኛው ኸሪፍ ላይ የሆሹ ሽንት ቤት በእኩለ ቀን ከነግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ። ውስጥ ሰው ስላልነበረ ሁሉም አላህን አመሰገነ፤ ሉጥፊም መጥቶ አብሯቸው አመሰገነ። ከዚያ ወዲያ ተከራዮቹ የሚጠቀሙት ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጎረቤት ሽንት ቤት ሆነ። ጎረቤቲቱ ጠዋትና ማታ ትከፍትላቸዋለች፤ ቀን ቀን ግን ትቆልፈዋለች። አይፈረድባትም፤ የራሷ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ጤነኛ ሰው ይህን ይችለዋል። ኸይሩም ጤነኛ ሳለ ችሎት ነበር። አንድ ቀን ግን የሚረግጠው ሳንቃ መሀሉ ላይ ተሰብሮ ከነጆንያው ወደቀ፤ ጆንያው በወገቡ ላይ አረፈ።

ያን ዕለት ሉጥፊ ሱቁን ክፍቱን ጥሎ መጣ። ኸይሩን በራሱ መኪና ወደ ሆስፒታል የወሰደው እሱ ነው። ሦስት ቀን ከሰውዳ ጋር በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀት ሲጠየቅ ፈረመ፤ አንዳንዴም እንጀራዋን ትታ ስትተክዝ "ብዪ እንጂ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ" እያለ ያባብላት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ኢቃማው፣ ዋስ ሲያስፈልገውም ዳሚን ሆኖ የቆመላቸው እሱ ነው። ሰውዳ ብዙ ጊዜ፣ "አምሳለ፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀለኝ ነበር" ትለኛለች።

ኸይሩ ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡና ቀኝ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። በምርኩዝ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፣ ቁጢጥ ማለት አይችልም። ከሆስፒታል በወጣ ሳምንት ሉጥፊ አዲስ ገመድ ከሱቁ ይዞ ወደ ሆሹ መጣ። የገመዱን አንድ ጫፍ ከኸይሩ ደጃፍ አስይዞ እስከ ግቢው መሀል ለካ። ስምንት እርምጃ ሆነ። በአራት ማዕዘን አራት ድንጋይ አስቀመጠና፣ "እዚህ ላይ የሚቀመጥበት የሲሚንቶ ወንበር። እዚህ የሚይዘው ብረት። በሩ ደግሞ ሰፊ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ደግፎት ቢገባ እንኳ የማይጠብ። በሁለት ጁምዓ ያልቃል፤ ወላሂ ኸይሩ፣ በሁለት ጁምዓ!" አለ።

ኸይሩ ከአልጋው ሆኖ በክፍቱ በር ያየው ነበር። አለቀሰ። ሰውዳ ባሏ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ጁምዓ አለፈ። ግንበኛው ወደ ከሰላ ሄዷል ተባለ። ግንበኛው ተመለሰ፤ ጡቡ በደንብ አልተቃጠለም ተባለ። ከዚያ የሉጥፊ ልጅ ሠርግ መጣ፤ ከሠርጉ በኋላ ኸሪፍ ገባና፣ በጭቃ ማን ይቆፍራል? ተባለ። ኸሪፉ ሲያልፍ አዝመራ ደረሰና ሠራተኛ ሁሉ እርሻ ወረደ። ሰውዳ አንድም ጊዜ ሰውየውን "አይሆንም" ሲል ሰምታው አታውቅም። ሁልጊዜ "ሐቅሽ ነው" ይላል፤ ሁልጊዜ ቀን ይቆርጣል። አራቱ ድንጋዮች ባሉበት ሳሉ ማሬ መሀላቸው ባሚያ ዘራች። ባሚያው ሁለት ጊዜ ተለቀመ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኸይሩ የሚጠቀመው በክፍሉ ጥግ፣ ከጆንያ መጋረጃ ጀርባ በተቀመጠ ቆርቆሮ ነበር። ያንን ይዛ መንገድ የምትሻገረው ሰውዳ ናት። በነጠላዋ ሸፍና ትሄዳለች፤ ሰው ሰላም ሲላት አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። የከበደው ግን ለኸይሩ ነው። ያን ያህል ጆንያ የተሸከመ ሰው ለዚህች ጣጣ ሚስቱን ጠባቂ ሆነ። መጀመሪያ ምግብ መቀነስ ጀመረ፤ እሷ የምግብ ፍላጎት ያጣ መሰላት። ቀጥሎ ውሃውን ተወ። እዚህ አገር በበጋ ውሃ መተው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

አስቀድማ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የሰፈሩን ሽማግሌ ለምና ሉጥፊን አስጠርታው ነበር። ሽማግሌው በጥላው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሁለቱንም ሰሙ። ሉጥፊ አንዱንም አልካደም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ከኸሪፍ በፊት ካልሠራሁት ሚስቴ የተፈታች ትሁን!"

ሽማግሌው ተቆጡት። "በፍቺ አትማል! ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?"

"እንግዲያውስ ኢንሻአላህ እሠራዋለሁ" አለ። በዚህ ተስማምተው ፋቲሃ ተቀርቶ ተለያዩ። ኸሪፉ ገባ፤ ጉድጓዱ አልተቆፈረም። ሰውዳ ተመልሳ ወደ ሽማግሌው ስትሄድ እሳቸውም ተቸገሩ። "ልጄ፣ ኢንሻአላህ ብሏል እኮ። አላህ ካልፈቀደ ሰውየውን ምን ልለው?" አሏት።

ለቅቃ እንዳትሄድ ደግሞ የምትሄድበት አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት ቢሆን ኖሮ በገዳሪፍ የሚከራይ ክፍል ሞልቶ ነበር። ካርቱም ከተቃጠለ በኋላ፣ ከዚያም በየተራው ሌላው ከተማ ሲፈታ፣ ሕዝቡ ወደዚህ ፈለሰ። ትምህርት ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ባዶ የነበረው መጋዘን መጋረጃ እየተሰቀለበት ለሦስት ለአራት ቤተሰብ ተከፈለ። ሰውዳ ከገበያ ስትመለስ በየሰፈሩ እየዞረች ትጠይቃለች። አንዱ ባለቤት "ሐበሻ ነሽ? ዳሚንሽ ማነው?" አላት።

"ሉጥፊ፤ ገመድ ሻጩ።"

"ሉጥፊ? ከሉጥፊ ምን ያስወጣሻል? እሱን የመሰለ ሰው! ቆይ ልጠይቀው።"

ጠየቀውም። በማግስቱ ሉጥፊ ቅሬታ ባለበት ድምፅ፣ "ሰውዳ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?" ብሎ ወደ ቤቷ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቤት መፈለጓን ተወች። የትም ብትሄድ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ እሱ ከተቀየማት ደግሞ ወረቀቱ የለም። ወረቀት የሌለው ሐበሻ በዚህ ጊዜ ከሆሹ በር ወጥቶ ገበያ እንኳ መድረሱ ያሰጋዋል።

አገር ቤትስ ትሉ ይሆናል። ገንዳ ውሃ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ግን በዚያም በኩል ተኩስ ነው፤ ድንበሩ ዛሬ ተከፈተ ሲሉን ነገ ተዘጋ ይሉናል። ወገቡ የተጎዳ ሰው በሎሪ ላይ ጭነው ያን መንገድ እንዴት ያሻግሩታል? ራሒማ ጋ እንዳይሄዱ እሷም በአማቶቿ ቤት፣ በአንዲት ጎጆ ለዘጠኝ ናት። "እማ፣ ኑ ብዬ የት ላስተኛችሁ?" ብላ በስልክ ስታለቅስ ሰውዳ እሷን ማጽናናት ያዘች።

ውሃውን መተዉን ባወቀች በአራተኛው ቀን ኸይሩ ጎኑን ይዞ ማቃሰት ጀመረ፤ ሽንቱ ደም ቀላቀለ። ደመቀ ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ጠርቶ ሐኪም ዘንድ ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ኸይሩን ሳይሆን ሰውዳን እያየ፣ "ውሃ ይጠጣ። ብዙ ይጠጣ። አለበለዚያ ኩላሊቱን ያጣል" አላት። መድኃኒቱን ይዛ ወጣች። ኸይሩን ቤት አስገብታ ከደመቀ ጋር ትታው በቀጥታ ወደ ገመድ ሱቁ ሄደች።

"ያ ዓም፣ አጎቴ ሉጥፊ፣ ኸይሩ ታሟል።"

"ላ ሐውለ! ምን ሆነ?"

"ውሃ አይጠጣም። ሽንት ቤት ስለሌለው ውሃ ትቷል።"

ሉጥፊ የሚጠቀልለውን ገመድ አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሰውዳ እውነተኛ እንባ ነው ትላለች። "ወላሂ አፈርኩ። ነገ ጠዋት ሠራተኛ እልካለሁ።"

"አትላክ።"

"እንዴት?"

"ነገ አትበለኝ። እኛው እንቆፍራለን። አንተ ፈቃድህን ብቻ ስጠን።"

ፊቱ በራ። እንባውን ያየችበት ፊት ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ሲፈካ ስታይ ነው ከእሱ ተስፋ የቆረጠችው። "ቆፍሩ! አላህ ክንዳችሁን ያበርታ! ሲሚንቶውን እኔ አመጣለሁ፤ ሐሙስ።"

"ሲሚንቶም አላልሁህም።"

"ሐሙስ" አለ ሉጥፊ።

ወደ ቤት ተመልሳ ለደመቀ ስትነግረው ደመቀ ራሱን አከከ። ከመተማ ቆላ የመጣ፣ ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የሚሠራ ሰው ነው። "እትዬ ሰውዳ፣ መቆፈሩስ ግድ የለም። ግን በሰው መሬት ላይ እኮ ነው፤ የሠራነው ሁሉ የሱ ሊሆን ነው" አላት።

"ይሁን። ኸይሩ ይሙትብኝ?"

ደመቀ በማግስቱ ዶማ ተውሶ መጣና በአራቱ ድንጋዮች መሀል መቆፈር ጀመረ።

ሰውዳ አራት ያረጁ በርሜሎች ያገኘችው ከሰሊጥ ዘይት መጭመቂያው ባለቤት ነው። በምትኩ ወቅቱ እስኪያልቅ ድረስ የእሱን ጆንያ ልትጠቅምለት ተስማማች፤ እኔም እንዲቀላት ከፊሉን ወሰድሁላት። ደመቀ የበርሜሎቹን ቂጥ እየቆረጠ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲቆም ጉድጓዱን እንዲደግፉ አደረጋቸው። ቁፋሮው ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። የላዩ ዋልካ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ዶማው ይነጥራል። ክንድ ያህል ከወረዱ በኋላ ደግሞ እርጥብ ሆኖ አካፋው ላይ እየተጣበቀ በእጅ ካልተፋቀ አይለቅም። እኔና ማሬ አፈሩን በሳፋ እየተቀባበልን ወደ ውጭ እንደፋለን። ኸይሩ አልጋው ወደ ደጃፉ ተጠግቶለት ከዚያ ሆኖ ያዛል።

"ደመቀ! ወደ ግራ ጎብጧል እኮ!"

"የት ጋ፣ ጋሽ ኸይሩ?"

"ከወገብህ በታች! በርሜሉ አይገባልህም፤ አቅናው!"

ከወደቀ ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። አዲስ ሰው መሰለኝ።

ሐሙስ መጣ፣ ሲሚንቶ አልመጣም። የጠበቀውም አልነበረም። ደመቀ ከአሮጌ ሎሪ የወለቀ ወፍራም ጣውላ መሀሉን ቆርጦ መቀመጫ አበጀ፤ ሁለት የውሃ ቧንቧ ብረት በግራና በቀኝ ተከለ። ለግድግዳው እኔና ሰውዳ ለእህል የማይሆኑትን ጆንያዎች ድርብ አድርገን ሰፋን። ሥራው በጀመርን በሰባተኛው ቀን አለቀ።

ኸይሩ ማንም እንዳይዘው ነገረን። ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። ስምንቷን እርምጃ ሲሄድ እኛ ሌላ ሌላ ቦታ እንመለከት ነበር፤ ማሬ ለወጥ ባሚያ የምትከትፍ መሰለች፣ ደመቀ ዶማውን ይጠርጋል። መጋረጃውን በራሱ እጅ ዘጋው። ሲወጣ ላቡ በፊቱ ላይ ይወርድ ነበር። አልጋው ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ "ሰውዳ፣ ውሃ ስጪኝ" አለ። ሁለት ጣሳ ጠጣ።

እኔ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሉጥፊ ሳምንት ቆይቶ መጣ። ዙሪያውን ዞሮ አየ፤ ጣውላውን በእጁ መታ መታ አደረገ፤ በርሜሉን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። "ማሻአላህ! ማሻአላህ! ይኼ እኮ ኸሪፍ አይነካውም" አለ። ደመቀን አቅፎ ሳመው። ሁሉንም ተራ በተራ መረቀና ሄደ።

ወር ሳይሞላ ተመልሶ ሲመጣ ከኋላው አንዲት ሴት፣ አራት ልጆችና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሴትዮዋ ባሕሪያ ትባላለች፤ ሽማግሌው አማቷ ናቸው። ከካርቱም ወጥተው ብዙ ቦታ ከተንከራተቱ በኋላ ገዳሪፍ ገብተው በትምህርት ቤቱ ወለል ላይ አራት ወር ተኝተዋል። ሉጥፊ ሰውዳን ወደ ጎን ጠርቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ እነዚህ የጦርነት ሰዎች ናቸው። ትልቁን ክፍል ትለቂላቸዋለሽ። ለእናንተ ለሁለት ሰው ትንሹ ይበቃል።"

"ዓም ሉጥፊ፣ ትልቁ ክፍል እኮ ነው ለሽንት ቤቱ የሚቀርበው። የትንሹ በር በወዲያ በኩል ነው፤ ኸይሩ ዞሮ መድረስ አይችልም።"

"አላህ ያቀልለታል።"

"ሽንት ቤቱን ማን ሠራው?"

"እናንተ ናችሁ፤ አላህ ይስጣችሁ!" አለ፣ ከልቡ። "በሱ ምክንያት እኮ ነው ቤቱ ለቤተሰብ የበቃው። ድሮማ ማን ይገባበት ነበር?"

"እምቢ ብልስ?"

አልተቆጣም። እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እምቢ አትይም፤ አውቅሻለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ኢቃማችሁ ያልቃል፣ አብረን ሄደን እናድሳለን፣ አይደል?" አላት።

"ማስፈራሪያ እንዳለበት ፊቱን ፈለግሁ፤ የለም" አለችኝ ሰውዳ በኋላ። "ቢኖርበት እሰድበው ነበር። እሱ ግን ከልቡ ውለታ የሚውልልኝ ነው የሚመስለው። ምን ትዪዋለሽ?"

ደመቀ ከጎጆው ወጥቶ ቆሟል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ማሬ ክንዱን ይዛዋለች። ልጆቹ በጸሐይ ላይ ቆመው እቃቸውን እንደ ታቀፉ ናቸው፤ ትንሿ ልጅ እንቅልፍ ይዟት ትወዛወዛለች። ኸይሩ ሁሉንም ከውስጥ ይሰማ ነበር።

"ሰውዳ" ብሎ ተጣራ። "አልጋዬን አውጪ።"

አልጋውን እነሱው አወጡት። ደመቀ በአንድ ወገን፣ ሰውዳ በአንድ ወገን ሆነው ወደ ትንሹ ክፍል አዞሩት። ትንሹ ክፍል ሁለት አልጋ አይችልም፤ ሰውዳ ከዚያ ቀን ጀምራ መሬት ላይ ትተኛለች። የጆንያ መጋረጃውና ቆርቆሮው ተመልሰው ጥጋቸውን ያዙ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰውዳ ባሕሪያን አላናገረቻትም። የምታናግራት ቋንቋ አጥታ አይደለም፤ ዐረብኛዋ ከኔ ይሻላል። ባሕሪያም ነገሩ ገብቷት ሳይሆን አይቀርም፣ ባለፈች ባገደመች ቁጥር አንገቷን ትደፋ ነበር። ያገናኟቸው የባሕሪያ አማት፣ ሽማግሌው፣ ናቸው። አንድ ቀን ሰውዳ ገበያ ሳለች ኸይሩን ሊጠይቁት ይገቡና ቆርቆሮውን ያያሉ። እጃቸውን ዘረጉለት። እሳቸውም ያለ በትር የማይሄዱ ናቸው። ሁለቱ ተደጋግፈው፣ እያረፉ፣ ቤቱን ዞረው ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አብረው ይወጣሉ። ሽማግሌው ያማቸው ቀን ግን ኸይሩ ውሃውን መልሶ ይቀንሳል፤ ሰውዳ ጣሳውን ሳታይ አትተኛም።

አንድ ጠዋት ባሕሪያ ልብስ ስታሰጣ ሰውዳን አስቆመቻት።

"ሉጥፊ ከኸሪፍ በፊት ኩሽና እሠራልሻለሁ ብሎኛል፤ ጣሪያውንም አድሳለሁ ብሏል። አንቺ ታውቂዋለሽ። ቃሉን ይጠብቃል?"

ሰውዳ ለአፍታ ብዙ ነገር እንዳሰበች ነግራኛለች። ሴትዮዋ ተማርራ ብትወጣ ክፍሉ ይመለስላት ይሆናል፤ ግን ሽማግሌውም አብረው ይሄዳሉ። ደግሞም ነገ ሌላ ቤተሰብ ይመጣል።

"አይጠብቅም" አለቻት።

ባሕሪያ የጨመቀችውን ልብስ እንደ ያዘች ቆመች። "ገብቶኝ ነበር" አለች። "ግን ከአራት ወር የትምህርት ቤት ወለል በኋላ የሚዘጋ በር አገኘሁ። ለልጆቼ በር ስላለው ነው የመጣሁት።"

ልብሱን አብረው አሰጡት።

የኢቃማው ቀን ሲደርስ ሉጥፊ ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን አልክድም። በጠዋት በመኪናው መጥቶ ወሰዳት። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር እየተሳሳቀ፣ ይህችን የመሰለች ተከራይ በገዳሪፍ የለችም እያለ፣ ፈርሞ አሳደሰላት። ሲመለሱ የብርቱካን ጭማቂ ጋበዛት። እሷ ከዚያ በቀጥታ ወደ ገበያ መጣች፤ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ በደረቷ ውስጥ ከትታ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ለስንት ጊዜ ሰጡሽ?" አልኋት።

"ለአንድ ዓመት።"

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

"አሜን" አለችና መርፌዋን ክር አስገባችበት። ሁለት ጆንያ ጠቀመች። ሦስተኛውን ስትስብ፣ ቀና ሳትል፣ "አምሳለ፣ ባንቺ ሰፈር በሩ ወደ ሽንት ቤት የቀረበ ክፍል አታውቂም? አንድም ቢሆን። ዳሚን የማይጠይቅ" አለችኝ።

እጠይቅልሻለሁ አልኋት። ጠየቅሁም፤ ከእኔ ሰፈር አልፌ እስከ ባቡር ሐዲዱ ማዶ ድረስ ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ "ዳሚኗ ማነው?" ነው። ኸሪፍ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እስካሁን አላገኘሁላትም።